ገመድ የሌለው ድንበር

ጋሼ ቶሎሳ ለአውሮፓ መንገድ ሲሰናዱ እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ገና ሳይነሣ መንገዱን የሚጨርስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አጎቴ እንደዚያ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአዳማ ሻሸመኔ አውቶቡስ ነድተዋል። ኢስቶኒያ የሚማረው ልጃቸው፣ ስድስት ዓመት ያላዩት፣ «ና አባዬ፣ ከታሊን ጎረቤት አገር፣ ሪጋ በመኪና እወስድሃለሁ» ቢላቸው እንቅልፍ አጡ። ቁርስ የት እንደሚበላ፣ ጎማ ቢተነፍስ ማን እንደሚፈታ ወሰኑ። እኔንና አክስቴን ሳይቀር ሳሎን ውስጥ እንደ ተሳፋሪ ከኋላቸው አስቀምጠው አለማመዱን። እኛን ማን ጠራን?

«ድንበሩ ላይ ኬላው ስንት ሰዓት ይከፈታል?» አሉት ልጃቸውን በስልክ።

«ኬላ የለም አባዬ፣ ዝም ብሎ ማለፍ ነው።»

«አቦ አትቀልድ! እዚህ ቅርብ፣ ደራ ለገበያ ስንሄድ እንኳ ወርደን እንፈተሻለን፤ አገርና አገር ያለ ገመድ ይለያያል?»

ከወር በኋላ የቪዛው መልስ መጣ፤ ተከልክለዋል። ለካ ኬላው እኛ ጋ ኖሯል።

የዚያን ቅዳሜ ልጃቸው ስልኩን በቪዲዮ ከፍቶ መሪው አጠገብ ሰክቶ ብቻውን ሲነዳ፣ ጋሼ ቶሎሳ አዳማ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሪጋ እስኪገባ ድረስ «ቀስ በል፣ ቀኝህን ያዝ» ሲሉት ዋሉ።