ሊቀመንበሩን መሃል ንግግር ላይ ያስቆመው የልጄ ፕሮጀክት

ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። እንዲህ ዓይነት ውርደት ደርሶብኝ እስከ ዛሬ አፌን ዘግቼ መኖሬን ስትሰሙ እኔን አይደለም፣ ጆሯችሁንም አታምኑም።

ነገሩን የቀሰቀሰው ይኸው ፌስቡክ ነው። ተማሪዎች የሠሩትን የባትሪ መቆጣጠሪያ ፕሮጀክት ፖስት አድርገው አየሁ። ባትሪው ሲደክም መብራት ያበራል፣ መስመሩንም ራሱ ይቆርጣል። ጎበዞች ናቸው። ከሥር ግን አንድ ሰውዬ ኮሜንት ጽፏል፦ "ይሄ ሁሉ ሽቦ ለምን? ባትሪ በብልጭታው ይታወቃል።"

ብዙ ላይክ አግኝቷል።

ሰውየውን በስም አላውቀውም። ግን በደርግ ጊዜ እኔ ራሴ እሱን ነበርኩ።

የካ ሚካኤል አካባቢ ባትሪ ቻርጅ የማደርግባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉንም ኤሌክትሪኩንም ያወቅኩት በራሴ ጥረት ነው፤ ይህንንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገር ነበር። ባትሪ ሲመጣልኝ ሁለቱን ጫፎች በሽቦ ነካ አደርግና ብልጭታውን አያለሁ። ሰማያዊና ወፍራም ከሆነ ጤነኛ ነው። ቀይና ቀጭን ከሆነ ታሟል።

ውሃው ሲጎድል አሲድ እጨምርበታለሁ። ብልጭታው ወዲያው ይደምቃል። ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ እኔም ደስ ይለኛል።

የባትሪ ነገር የምታውቁ አሁን ጭንቅላታችሁን ይዛችኋል። ቆዩ፣ ገና ነው።

ልጄ ሰሚራ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ትማር ነበር። አንድ ቀን ሱቅ መጥታ ስሠራ አየችኝና "አባ፣ የሚተነው እኮ ውሃው ብቻ ነው፤ አሲዱ እዚያው ይቀራል። የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው" አለችኝ።

"አንቺ ሳትወለጂ ባትሪ የነካሁ ሰው ነኝ" አልኳት።

ሁለተኛ አላነሳችውም። ሥርዓት ያላት ልጅ አሳደግኩ ብዬ ኮራሁ።

የመመረቂያ ፕሮጀክቷ አንዲት ሳጥን ነበረች። በባትሪውና ከባትሪው ኃይል በሚወስደው ዕቃ መሃል ትገባለች። ባትሪው ሥራ ላይ እያለ ጉልበቱን ትለካለች፣ ሲደክም ቀይ መብራት ታበራለች፣ ጨርሶ ከመሞቱ በፊት ደግሞ መስመሩን ትቆርጣለች። መምህሯ "እውነተኛ ሥራ ላይ ስትሠራ ካላየኋት አላሳልፍሽም" አላት። ካላለፈች ያን ዓመት አትመረቅም።

እኔ ምን አልኩ? "ለዚህ ነው የምትጨነቂው? የቀበሌው ድምፅ ማጉያ አለ አይደል?"

እሁድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ አለ። መብራት ስለሚጠፋ ድምፅ ማጉያው የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነበር። የባትሪው ኃላፊ እኔ ነኝ። ደመወዝ የለውም፣ ክብር አለው። ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ።

የዚያን ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። የሚቀር ሰው የቀበሌ ሱቅ ስኳር እንደሚቀርበት ያውቃላ። መምህሩ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ሰሚራ ሳጥኗን ከማያያዟ በፊት እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ሽቦዬን አውጥቼ ብልጭታውን አሳየሁት።

"አዩት? ሰማያዊ ነው።"

"አየሁ" አለ በትህትና።

ሊቀመንበሩ ንግግር ጀመረ። ስለ ምርት ተናገረ። ስለ ንቃት ተናገረ። ቀጥሎ ወደ አሻጥረኞች መጣ። "ጓዶች፣ ከመሃላችን ተሸሽጎ የሕዝብን ንብረት እያበላሸ ያለው ጠላት..."

ጠቅ።

ድምፁ ጠፋ። ሳጥኗ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። የሊቀመንበሩ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ንግግሩ ግን ከፊት ወንበር አያልፍም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ቶሎ ብሎ ሳል አስመሰለው።

"ማነው የቆረጠው?" አለ ሊቀመንበሩ።

በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

እስቲ ንገሩኝ፣ እዚህ ላይ አንድ አባት ምን ማለት ነበረበት? "ሳጥኗ ሥራዋን ነው የሠራችው፤ እስቲ ባትሪውን እንይ" ለማለት ምን ይከብዳል?

እኔ ግን ተነስቼ "ይቅርታ ጓድ፣ የልጅ ሥራ ነው። ሳጥኑ ነው የተበላሸው፣ ባትሪውስ ደህና ነው" አልኩ።

ሰሚራ ያለችበትን አቅጣጫ አላየሁም። ሆን ብዬ ነው።

ሳጥኗን ነቅዬ ሽቦውን በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰርኩት። ድምፁ ተመለሰ። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። ጭብጨባ ደግሞ ለኔ ቢጤ ሰው ጥሩ አይደለም። ማይክራፎኑን ያዝኩት።

"ወጣቶች መጽሐፍ ማንበባችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ልምድ የሚባል ነገር አለ..."

"ልምድ" ላይ ስደርስ ድምፄ ይሻክር ጀመር። "ልምድ የሌለው ሰው" ስል አንገቱን የታነቀ ሰው መሰልኩ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ከሁለተኛው ረድፍ "አቶ ከድር፣ ልምዱም መብራት ሄደበት?" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩም ከንፈሩን ነከሰ።

መምህሩ አልሳቀም። ወደ ሰሚራ ዞረ። "ሳጥንሽ ለምን ቆረጠ? አስረጂኝ።"

ሰሚራ የሳጥኗን ሽቦ መጠቅለል ጀመረች።

"እየጠየቅኩሽ ነው። መልሱን ካላወቅሽው ሥራው ያንቺ ነው ብዬ እንዴት ልቀበል?"

ታውቀዋለች። ሱቅ መጥታ የነገረችኝ ትዝ ብሎኝ አሁን እኔም ገብቶኛል። ባትሪው በአሲድ ብዛት ውስጡ ተበልቷል፤ ብልጭታ እንጂ ጉልበት የለውም። ይህን ካለች ግን ቀጣዩ ጥያቄ "አሲዱን ማን ጨመረበት?" ነው። አባትን በሰው ፊት ማረም እኛ ቤት አይታሰብም። ስለ አሻጥር እየተወራ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ ደግሞ ጭራሽ።

"ምናልባት... እኔ ስሠራው ተሳስቼ ይሆናል" አለች አንገቷን ደፍታ።

መምህሩ ራሱን ነቀነቀና ኮቱን አነሳ። ሊሄድ ነው።

ወገኖቼ፣ ወዲያው ተነሳሁ ብል ዋሸሁ። መጀመሪያ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ የአዳራሹን ጣሪያ አየሁ። ሌላ ሰው የሆነ ነገር ይናገር ይሆናል ብዬም ጠበቅኩ። ምን እንዲናገር? እኔ እንጃ።

በመጨረሻ ተነሳሁ። "ሳጥኗ ትክክል ናት። ባትሪውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

ከኋላ "አይሰማም" አሉ።

ማይክራፎን የለም። የገደልኩት እኔ ነኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

"አሁንም አይሰማም፣ ጋሼ።"

እየሰሙ ነበር። እስከ ዛሬ እርግጠኛ ነኝ፣ እየሰሙ ነበር።

ባለ በሌለ ኃይሌ፣ ውጭ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው እስኪቆም ድረስ ጮኽኩ፦ "ባትሪውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አሲድ ጨምሬበት ነው። ልጄ ነግራኝ ነበር፣ አልሰማሁም።"

ሊቀመንበሩ ትኩር ብሎ አየኝ። "አሻጥር ነው?"

"አይደለም ጓድ። ድንቁርና ነው።"

ትንሽ አሰበ። "ይሄኛውስ ይብሳል። ይቀመጡ" አለኝ።

መምህሩ ኮቱን አስቀመጠና ጥያቄውን ደገመላት። ሰሚራ ቀና አለች። ባትሪ ሳይሠራ ጤነኛ መስሎ ሥራ ሲሰጡት ለምን እንደሚዝል፣ ብልጭታ ሰውን ለምን እንደሚያታልል፣ ሳጥኗ ደግሞ ይህንን እንዴት እንደምታውቅ አንድ በአንድ አስረዳች። ያለ ማይክራፎን ነው ያስረዳችው። ከኋላ አይሰማም ያለ የለም።

አለፈች።

ዳገቱን ወደ ቤት ስንወጣ "ተቀየምሽኝ?" አልኳት።

"አይ አባ።" ትንሽ ከሄድን በኋላ ግን "የሌሎቹስ ሰዎች ባትሪ?" አለችኝ።

እግሬ ቆመ። የሰፈሩን ባትሪ ሁሉ ያከምኩት እኔ ነኝ! ከማግስቱ ጀምሮ በየደንበኛው ቤት እየዞርኩ ያንኑ የአዳራሹን ቃል ስናገር ከረምኩ። አንዳንዱ ሰደበኝ። አንዱ ሻይ ጋበዘኝና ከሻዩ በኋላ ሰደበኝ።

ስድቡን ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ልጄ እኔን ላለማዋረድ ስትል የብዙ ዓመት ልፋቷን ልትጥል ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ዝምታዋን ሥርዓት ነው እያልኩ በየሰው ፊት ሳወድስ ኖሬያለሁ። ልጆቻችሁ ዝም ሲሉላችሁ አክብረዋችሁ እንደሆነ ወይም ፈርተዋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ ደስ አይልም፣ ግን ጠይቁ።

እኔማ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ዝም ሲባል አያስቀምጠኝም። ተነስቼ "ምን አጠፋሁ?" እላለሁ።

የልጅ ልጆቼ "ምንም አባባ፣ ቲቪ እያየን ነው" ይሉኛል።

እንዴት ብዬ ልመናቸው?