ማሽኑም ቀትር ላይ ይረፍ

ሚያዝያ ይመስለኛል፤ ግንቦትም ሊሆን ይችላል። ተሳስቼ ከሆነ ሙቀቱን ውቀሱ። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ከተማ አይደለችም፤ ሕልም ናት። ሱቁ ገርበብ ይላል፣ ባለ ባጃጁ ከዛፍ ጥላ ሥር ያሸልባል፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የሚሰማው የቅጠል ሹክሹክታ ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት ሰው መቀስቀስ ነውር ነው።

የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እትዬ አልማዝ ይህን ሥርዓት ለማሽንም ትጠብቃለች። («ትጠብቃለች» ማለቴን አትታዘቡኝ፤ ድሬ አንቱታ ብዙም አትወድም።) የድሮው ሰርቨራችን በሙቀት እንዳይቃጠል ስድስት ሰዓት ላይ ታጠፋው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታበራው ነበር። ዕድሜውን ያረዘመችው እሷ ናት። ኋላ ወደ ክላውድ ተሻገርን፤ የተማሪዎቹ መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ሩቅ አገር ባለ ማሽን ላይ ተቀመጠ። አሠራሩን ያስተማርኳት እኔ፣ የኮምፒውተር ሠራተኛው ነኝ፤ ተራ በተራ፣ እየደጋገምኩ። እሷ ግን ቀትር ላይ መዝጋቷን አልተወችም። ማንም አላወቀም። ሁላችንም ተኝተን ማን ይወቅ?

አንድ ቀን አብዲ የሚባል ተማሪ በላብ ተጠምቆ መጣ። ስምንት ሰዓት ላይ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ያቀርባል፤ ላፕቶፑ ተበላሽቷል፤ የቀረው ቅጂ ክላውዱ ላይ ያለው ብቻ ነው። እሱም «ዝግ ነው» ይላል።

«አቦ፣ ዛሬ ካላቀረብኩ ወላሂ ዘንድሮ አልመረቅም!»

የይለፍ ቃሉ በእጇ ስለሆነ መክፈት የምትችለው እትዬ አልማዝ ብቻ ናት፤ ስልኳን ደግሞ አጥፍታለች። በባጃጅ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቷ ድረስ በረርን። ላንኳኳ እጄን አነሳሁ፣ መለስኩ፣ አነሳሁ። አብዲ በሩን በቡጢ ደበደበው።

«ምን ተቃጠለ?» ብላ ወጣች።

«አገልግሎቱ ተዘግቷል፣ እትዬ።»

«እኔ ነኛ የዘጋሁት! ይረፍ እንጂ።»

«ማሽኑ ሩቅ ነው ብዬሽ አልነበር?»

«ሩቅ ያለ አይደክመውም? አንተ ልጅ፣ ርኅራኄ የለህም?»

እያጉረመረመች ስልኳን አበራች፤ ደጃፉ ላይ እንደቆመች እኔ ያሳየኋትን ቦታ አንዴ ነካ አደረገችው። ጽሑፉ አብዲ ስልክ ላይ ብቅ አለ።

«ከዚህ ሆኜ?» አለች፣ ሕልም እንዳየ ሰው።

አብዲ ደረሰ፤ አለፈም። ክላውዱም ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ አይዘጋም። እሷ ግን ልቧ አላረፈም፤ «እዚያስ ሙቀቱ እንዴት ነው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። በግምት መመለስ ስለማልወድ፣ አገልግሎቱን ለሚሰጠው ድርጅት ጻፍኩ፤ መለሱልኝም።

ሚያዝያም ይሁን ግንቦት፣ ያን ቀን በዚያ አገር ሰዎች ካፖርት ለብሰው ነበር። ይህን አረጋግጫለሁ።