የማትዘገየው ሰዓት

ሰዓት አክባሪ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ሰቆጣ፣ ቢሯችን ውስጥ ገጥሞኛል። ጌታሁን ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። መዳፍ በምታክል ኮምፒውተር ላይ ትክክለኛ ሰዓት የሚያመጣ የሳተላይት መቀበያ በየደና አንቴናውን ጣሪያ ላይ ሰቀለ። ከዚያ የቢሮው ኮምፒውተር ሁሉ ሰዓቱን ከእሷ እንዲወስድ በኔትወርክ አገናኘው።

«የሴኮንድን አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አትዘገይም!» አለን።

እኛ ስብሰባ የምንጀምረው ከደሃና ወረዳ የሚመጡት ሰዎች በቅሏቸውን አስረው ሲገቡ ነው። ታዲያ ሚሊዮንኛዋን ምን እናድርጋት? እሱ ግን ሰው ባረፈደ ቁጥር ስክሪኑን እያሳየ ይገሥጸን ነበር።

አንድ ቀን ከአገሩ ስልክ ተደወለ፤ ለእሱ ሳይሆን ለእኛ። እናቱ አርፈዋል። እንደ ወጉ አፋችንን ይዘን፣ ሽማግሌ እስኪሰባሰብ ድረስ አብረነው ሻይ ጠጣን፤ በቀልዱም ሳቅን። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኳን።

መርዶውን ሲሰማ መሬት ላይ ወደቀ። ሲረጋጋ ሽማግሌውን አከራዩን ቀና ብሎ አያቸው።

«አባባ፣ መቼ ነው?»

«ሰሞኑን ነው፣ ልጄ።»

«ቀብሯስ?»

«ቀብሩም ተፈጽሟል።»

«ብቻህን እንዳትሰማው ብለን ነው ያቆየነው» አሉት።

ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ሰዓቷ ዛሬም አትዘገይም። ጌታሁን ግን ያረፈደ ሰው ሲገባ ስክሪኑን ማሳየት ትቷል። ጠዋት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የእያንዳንዳችንን ፊት ነው።