በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልጅ መጠየቅ

እኛ ሰዎች ስልክ ስንደዋወል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ደዋዩ ደህና ነህ ወይ ይላል። ደህና ነኝ ትላላችሁ። ቤተሰብስ? ደህና። ልጆች? ደህና። ሐዋሳ ሙቀቱ እንዴት ነው? እሱማ አለ፣ ምን ይሆናል። በስተመጨረሻ «እንዲያው ለአንዲት ጉዳይ ነበር...» ሲል ካርዱ ያልቅና ጥርቅም ይላል። ጉዳዩ ሳይሰማ ይታደራል። መልሳችሁ ብትደውሉለት ደግሞ ሰላምታው እንደ አዲስ ይጀመራል።

የእኔ እንጀራ ከዚህ ጋር መታገል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ ሥራ እየሠሩ ለሚማሩ ሰዎች የጽሑፍ ትምህርት አስተምራለሁ። አንቀጽ ስትጽፉ ኃይለ ቃሉን፣ ዋናውን ሐሳብ የያዘውን ዓረፍተ ነገር ማለቴ ነው፣ ከፊት አስቀምጡት እላለሁ። አንባቢያችሁ ስለ ምን እንደምታወሩና ምን ልትሉ እንደሆነ ከመጀመሪያው መስመር ይወቅ። የቀረው ዝርዝርና ማስረጃ ነው። ቀላል አይደል? እስቲ እናንተ አስተምሩትና እንያችሁ።

ታምራት የሚባል ተማሪ አለኝ። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ስለ ሆቴላችሁ አገልግሎት አንድ አንቀጽ ጻፍ አልኩት። «የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ መጠለያ ያስፈልገው ነበር» ብሎ ጀመረ። ዋሻ መጣ። ጎጆ መጣ። ገጹ ሲያልቅ ገና ጡብ አልተሠራም፤ ሆቴሉማ የት ተገኝቶ! ይህ ሁሉ ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ቲቸር፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ እንዴ አለኝ። ሥሩን ስትቆፍር ዛፉ ወደቀብህ አልኩት።

ደግሞ አስረዳሁት። «ሆቴል ጠቃሚ ነው» ብትል ሰፊ ነው፤ ለመጽሐፍ እንጂ ለአንቀጽ አይሆንም። «የሆቴላችን ፎጣ ነጭ ነው» ብትል ጠባብ ነው፤ ነጭ ነው ካልክ በኋላ ምን ትጨምራለህ? «እንግዳ ወደ ሆቴላችን የሚመለሰው ከምግቡ ይልቅ ለአቀባበሉ ብሎ ነው» በል። ይኸኛው ልክ ነው። አንባቢው እስቲ እንዴት ብሎ ይጠይቅሃል፣ አንተም ታስረዳዋለህ። ታምራት ጭንቅላቱን ያዘ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስንለፈልፍ ነው የኖርነው? አለ።

ከዚያ ወዲያ ልጁ አልተቻለም። እንግዳ ሻንጣውን እየጎተተ ሲገባ «ክፍል የለም» ይልና ከዚያ በኋላ ነው አሉ እንኳን ደህና መጡ የሚለው። ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንዲሰጥ መድረክ ላይ ቢጠሩት «ጌታ ከወባ ፈውሶኛል» ብሎ ተቀመጠ። ጉባኤው ሃሌሉያ ለማለት ገና አፉን እየከፈተ ነበር። መቼ ታመመ? ማን ጸለየለት? ሐኪሙስ ምን አለ? ሕዝቡ ቅር ብሎት ወደ ቤቱ ገባ። እኔ ግን ሰምቼ ደስ አለኝ፤ አስተማሪ ነኛ!

ችግሩ የመጣው ከሕይወት ጋር ነው። ሕይወት ታምራት የሚወዳት ልጅ ናት፣ ቤተሰቦቿ ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ናቸው። እሷም ትወደዋለች፤ ግን አባቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም ብላዋለች። ይህች ልጅ አልወጣም ካለች አትወጣም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአባቷ በአቶ ዮሴፍ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። ሽማግሌ መላክ ነበረበት። የሚላኩት ደግሞ አጎቱ ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው።

ጋሽ ጴጥሮስ ባህል አዳራሽ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ለሱሪ የሚሆን ጨርቅ ልትገዙ ብትገቡ፣ አያታችሁ ከየት እንደመጡ ሳትናገሩ ሜትሩን ከመደርደሪያው አያነሱትም። ድሮ ለሌላ የወንድማቸው ልጅ ሽምግልና ሄደው የሆነውን ሐዋሳ ሁሉ ያውቀዋል። ከዝናቡ ተነሡ፣ በዓሣው ዋጋ አለፉ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚያፈስ ጣሪያ ሲያወሩ መሸ። የልጅቷ አባት ለካ ጉዳዩ ይሄ ነው ብለው ቆርቆሮ እሰጣለሁ አሉ። ጋሽ ጴጥሮስ ይሉኝታ ያዛቸው። አመስግነው ወጡ። ሙሽራ ሊያመጡ ሄደው ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ! ልጅቷ በሌላ ቀጠሮ ተገኝታለች፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል።

እንግዲህ ታምራት ቢፈራ ይፈረድበታል? አጎቱን ቁጭ አድርጎ አስጠናቸው። ጋሼ፣ ዙሪያ ጥምጥም የለም፣ ገና ስትገቡ ጉዳዩን ተናገሩ፣ አስተማሪያችንም የሚለው ይኸንኑ ነው አላቸው። እሳቸውም የተማረ ሰው ያለው አይቀርም ብለው ተቀበሉ። ይህን ሁሉ እኔ አላወቅሁም።

እሁድ ከጸሎት መልስ ሽማግሌዎቹ ቱላ ወረዱ። አቶ ዮሴፍ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። ወንበር ቀረበ። ጋሽ ጴጥሮስ ገና ሳይቀመጡ «ልጅዎን ሕይወትን ለልጃችን ለታምራት እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አሉ።

አቶ ዮሴፍ እሳቸውን አዩ። ያልተቀመጡበትን ወንበር አዩ።

«አልሰጥም» አሉ።

እንደ አስተማሪ ካያችሁት እኮ ያምራል። ጥያቄውም መልሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር! እንደ ሰው ካያችሁት ግን ጉድ ነው። በወጉ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አዎም እምቢም አይባልም፤ ከቤተሰብ ጋር እንመካከር ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። አቶ ዮሴፍ በኋላ ለጎረቤታቸው ሲናገሩ፣ ከየት እንደመጡ ሳይነግሩኝ፣ ስለ ላሜ እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ ከሱቅ አንድ ኪሎ ስኳር ስጠኝ እንደሚባለው ልጄን ጠየቁኝ፤ ምን ብዬ ልመካከር? ብለዋል አሉ። ኃይለ ቃሉ ጠባብ ነበር ማለት ነው። ስጡን ካሉ በኋላ የሚዘረዘር ነገር አልተረፈም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አቶ ዮሴፍ በሽማግሌ ፊት አልሰጥም ብለው፣ ነገ ተነሥተው እሰጣለሁ ቢሉ መሳቂያ ይሆናሉ። ሕይወት አለቀሰች። ታምራት ቅዳሜ ክፍል መጣና ሸሚዙን ሳይተኩስ ከኋላ ተቀመጠ። አንጀቴን በላኝ፣ ምን ልዋሽ!

ጋሽ ጴጥሮስ ሱቃቸው አስጠሩኝ። የዚያን ቀን ስለ አያቴ አልጠየቁኝም፤ በዚህ ነው መናደዳቸውን ያወቅሁት። አንተ መምህር፣ የምታስተምረውን ነገር መንግሥት ያውቀዋል ወይ? አሉኝ። ኧረ ጋሽ ጴጥሮስ፣ እኔ ለወረቀት ነው ያልኩት፣ ለሽማግሌ መቼ አልኩ ብዬ ተከላከልኩ።

«ታዲያ ለወረቀት ብቻ ነው የሚለውን ነዋ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መናገር የነበረብህ!»

ተናደውም ቢሆን መላ አላጡም። የአቶ ዮሴፍ ላም ወልዳለች የሚል ወሬ ሰምተዋል። እንኳን ደስ ያለዎት ልንል እንሄዳለን፣ አንተም አብረኸን ትሄዳለህ አሉኝ። ከዚያስ? ከዚያማ እናወራለን። ስለ ልጅቷስ? ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያልተጠየቀ ነገር እምቢ አይባልም አሉኝ።

ሄድን። ታምራት ቱላ መንገድ ዳር ባጃጅ ውስጥ ቀረ። አቶ ዮሴፍ ትንሽ ኮስተር ብለው ተቀበሉን፤ ጥጃዋን ስናደንቅ ግን ፊታቸው ፈታ አለ። ተቀመጥን። አማርኛውና ሲዳምኛው እየተቀላቀለ፣ የላሟ የዘር ሐረግ ተነሣ፣ የእንሰቱ በሽታ ተነሣ፣ የተቆፈረው መንገድ መቼ እንደሚደፈን ተጠያየቅን። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ስልኬ ይንቀጠቀጣል። ታምራት ነው። ወደ ጓሮ ወጥቼ አነሣለሁ።

«ተባለ?»

አልተባለም።

«እሰይ!» ይልና ይዘጋል።

ተመልሼ ስገባ አቶ ዮሴፍ ጥጃዋን እያዩ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ሐይቅ ዳር ያለው የሆቴል ሥራ እንዴት ነው፣ እንግዳ ይመጣል? ብለው ጠየቁ። ጋሽ ጴጥሮስም ለጨዋታ ያህል፣ ኧረ ይመጣል፣ ደመወዝም በጊዜው ነው መሰለኝ አሉ። እዚያ የሚሠሩት ወጣቶች ይጠጣሉ ይባላል አሉ አቶ ዮሴፍ። የሚጠጣም አይጠፋም፤ እኔ የማውቀው ግን አይጠጣም፣ የመዘምራን አባልም ነው። የማነው ልጅ? የእኔው የወንድሜ ልጅ። አባቱን አውቃቸው ነበር ልበል? እንዴታ! ብለው ጋሽ ጴጥሮስ ከአባቱ ተነሥተው እስከ ቅድመ አያቱ ወረዱ። መሐል ላይ የአቶ ዮሴፍ አባትና የታምራት አያት አንድ ገበያ ይውሉ እንደነበር ተደረሰበት። አቶ ዮሴፍ እጃቸውን አጨበጨቡ። እርጎ ይምጣ አሉ! ሰው ሲጨዋወት ደስ ይላል፤ እኔ ግን አሁን ስሙን ቢጠሩትስ እያልኩ ላብ አጠመቀኝ። አልጠሩትም። የታምራት ስም አንድም ጊዜ ሳይነሣ ስለ ታምራት ተወርቶ አለቀ።

ሲሸኙን አቶ ዮሴፍ በሩ ላይ ቆም ብለው ሰማዩን አዩ።

«ድንኳን ለመትከል ጥቅምት ሳይሻል አይቀርም። አሁን ጭቃ ነው።»

«እውነትዎን ነው፤ ጭቃ ነው» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

ባጃጁ ጋ ስንደርስ ታምራት ተንደርድሮ ወረደ። ተባለ ወይ? አለኝ። አልተባለም፣ ሠርግህ ጥቅምት ነው አልኩት። መንገድ ላይ ተንበረከከ፤ የተተኮሰ ሱሪ ለብሶ ጭቃው ውስጥ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ትምህርት አስተማርኩ። ምን ላድርግ? የመመረቂያ ጽሑፍ የሚፈትነው ሰው ላም የለውም፣ የሚድራትም ልጅ የለችውም፤ አያታችሁ የት ገበያ እንደሚውሉ ቢሰማ ማርክ አይጨምርም። አንድ ነገር ብቻ አሻሻልኩ። «ዛሬ የምነግራችሁ ለወረቀት ብቻ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ታምራት ከፊት ወንበር ተቀምጦ አጨበጨበልኝ።

ጥቅምት ደረሰ። ድንኳኑ ተተከለ። ከቆጮ የሚሠራው ቡርሳሜ በቅቤ ርሶ ቀረበ። ሕይወት ነጭ ለብሳ ስትስቅ ብታዩዋት! ከምሳ በፊት አቶ ዮሴፍ ሊመርቁ ማይኩን ያዙ። ከአያታቸው ተነሡ። አያታቸው ቱላ ሲመጡ ጫካ እንደነበር ነገሩን። ጫካው ተመነጠረ። ላም ተገዛች። ላሟ ታመመች። ቅቤው መርጋት ጀመረ። ልጆች ማልቀስ ጀመሩ። ላሟ ዳነች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳህኑን እያየ ምራቁን ይውጣል።

ጋሽ ጴጥሮስ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። አንተ መምህር፣ እኚህን ሰውዬ ያቺን ነገርህን ብታስተምራቸው ምናለበት? አሉኝ።

እርስዎ አይደሉም እንዴ ለወረቀት ብቻ ነው በል ያሉኝ? አልኳቸው።

«ያኔ የምንፈልገው ልጅ ነበር» አሉ ሳህናቸውን እያዩ። «አሁን የምንፈልገው ምሳ ነው።»