በሚኒሞ ያደረው ሰው

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አንድ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና አልጋ ላይ ተጋድሞ አየሁት። አንሶላውን እስከ ፍሬቻው ድረስ ስቦ፣ አንዱን መብራት ጨፍኖ በሌላው እያየኝ፣ “ሰውዬውን ላጥፋው ወይስ እንደተነሳ ይደር?” ብሎ ጠየቀኝ።

ሰውዬው ጋሽ ደበሌ ነበሩ። አልጋው ራስጌ ቆመው፣ ዓይናቸው ፈጥጦ፣ ትከሻቸው እየተንዘፈዘፈ፣ መኪናውን በካርቶን ያራግባሉ። ከደረታቸው የሚወጣው ድምፅ የሞተር ነው። ከጆሯቸው ቀጭን ጥቁር ጭስ ይወጣል። ቦታው ጋላፊ ነበር፤ ከጅቡቲ የሚገባው ጭነት ተሰልፎ የሚያድርበት የድንበር ኬላ። ሌሊት ነው ይባላል እንጂ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች፤ እንድትጠልቅ የሚነግራት ሰው አልተገኘም።

“ካጠፋሁት ይሞቀኛል፤” አለ መኪናው። “ካላጠፋሁት ደግሞ ይበላል። አንድ ሹፌር ቆሞ ሲንተከተክ ካደረ ስንት ሽሮ እንደሚጨርስ ታውቃለህ? የተማርክ አይደለህ? አስላልኝ።”

“እሳቸውስ መቼ ይተኛሉ?”

“ለምን ይተኛል? መኪና ነው እንዴ?” አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ጋሽ ደበሌን በእውኑም አውቃቸዋለሁ። በምሠራበት የትራንስፖርት ድርጅት ሹፌር ናቸው። እኔ ደግሞ የዓመቱ እኩሌታ በረዶ በሆነበት አገር ምሕንድስና ተምሬ የተመለስኩ፣ መመለሴ ልክ ይሁን አይሁን እስካሁን የማላውቅ ሰው ነኝ። እዚያ ሹፌር ሞተር ሳያጠፋ የሚያድረው እንዳይበርደው ነው። እዚህ፣ በዚህ በረሃ፣ የጋቢናው ኤሲ ካልሠራ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ድርጅቱ ይህን ሞተር አስነስቶ ማደር፣ በመካኒኮቹ አፍ በሚኒሞ ማሳደር የሚባለውን፣ እንዳጠና አዘዘኝ። አጠናሁ። አንድ መኪና ቆሞ ባደረ ቁጥር ሠላሳ ሊትር ያህል ናፍጣ እንደሚጠጣ፣ ሞተሩም አንድ ሜትር ሳይሄድ እንደሚያረጅ ጻፍኩ። ከዚያ ደግሞ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ምን መዘጋጀት እንዳለበት ጻፍኩ፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤሲ፣ ሶኬት ያለው ማቆሚያ፣ እሱም ካልተቻለ ጥላና ማራገቢያ ያለው ማደሪያ ቤት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ምንተስኖት የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደው ትእዛዝ አደረጉት። ሌላው ግማሽ “ለወደፊቱ” ተባለ።

አሁን ቆሞ የሚሠራ ሞተር ቢሮ ባለው ስክሪን ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ የጠፋ ሞተር አረንጓዴ ነው። ጋሽ ደበሌ ሁለት ጊዜ ቀይ ሆነው ተይዘዋል። ሦስተኛ ከተያዙ ቁልፍ ያስረክባሉ። ትናንት ማታ እኔ ሰመራ ባለው የድርጅቱ ግቢ እያለሁ ከጋላፊ ደወሉልኝ።

“ኢንጂነር፣ ሁለት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ነገ ደግሞ ይሄን ሁሉ ብረት ይዤ እነዳለሁ። ምን ይሻለኛል? አጥፍቼ ልቀቀል ወይስ አስነስቼ ልባረር?”

እየሳቁ ነው ያሉኝ። “አቶ ምንተስኖትን ጠይቄ ልደውልልዎት፤” አልኳቸው። የአቶ ምንተስኖት ስልክ ዝግ ነበር። ደግሜ ደጋግሜ እየሞከርኩ ስልኩ እጄ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ግን እሳቸውን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ኬላው ላይ የተሰለፉት ሥራ አስኪያጆች ነበሩ። እያንዳንዱ ባለ ጎማ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከረባቱን ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር አስሮ፣ ሰልፉ እስከ አድማሱ ይታያል። ሚዛኑ ላይ መነጽር ያደረገች ግመል ቆማለች። አቶ ምንተስኖት ተራቸው ደርሶ ወንበራቸውን እየገፉ ወጡ።

“ምን ጭነሃል?” አለቻቸው ግመሏ።

“ስብሰባ ነው።”

“ከልክ በላይ ነው። ሁለቱን እዚህ አራግፍ።”

“እሺ፣ አራግፋለሁ። እመቤቴ፣ ሙቀቱን አልቻልኩትም። እስከዚያው ማራገቢያዬን ላስነሳ?”

“ቆሞ ማስነሳት ክልክል ነው። ትእዛዝ አለ።”

“የማን ትእዛዝ?”

“ያንተ።”

ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳያልቅ የተማርኩበት አዳራሽ ውስጥ ተገኘሁ። በረዶ በመስኮት እየገባ ወንበሮቹን ሸፍኗል። ከፊት ለፊት ሹፌሮች ጥቁር ካባ ለብሰው ለፈታኝነት ተቀምጠዋል፤ ፕሮፌሰሬ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ይነፋላቸዋል። “ጥናትህን አቅርብ፤” አሉኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ግማሹ የለም። ዞር ስል አቶ ምንተስኖት ከኋላዬ ትሪ ዘርግተው የቀረውን ግማሽ በአዋዜ እያጠቀሱ ይበላሉ።

“ጥናትህ ይጣፍጣል፤” አሉኝ አፋቸው ሞልቶ። “ይቺ ሶኬቷ ናት መሰለኝ፣ ጠንከር ትላለች። ጥላው ግን ቅቤ ነው።”

“አቶ ምንተስኖት፣ የሚበሉት እኮ የሰው እንቅልፍ ነው።”

“ታዲያ ብቻዬን ልብላው? በል ና፣ ጉረስ።”

ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ ስኖር ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ከትልቅ ሰው እጅ ጉርሻ መመለስ ነውር መሆኑን ግን አልረሳሁም። ጎረስኩ። አፌ ውስጥ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል፤ የራሴን ፊደሎች በምላሴ አወቅኋቸው። ሹፌሮቹ ያዩኛል። “ዋጠው?” አለ አንዱ። “ዋጠው፤” አለ ሌላው። ከዚያ ሁሉም ካባቸውን ከአንገታቸው ላይ አውልቀው ወጡ።

ልከተላቸው ስል ትልቅ ድንኳን ውስጥ ገባሁ። የሽልማት ሥነ ሥርዓት ነው። መድረኩን የሚመራው የነዳጅ ማደያ ማሽን ነበር፤ በመቅጃው ቱቦ ማይኩን ይዞ፣ “ክቡራንና ክቡራት፣ ዘንድሮ ከሹፌሮቻችን የቆጠብነው እንቅልፍ በበርሜል ተሞልቶ እነሆ ከፊታችሁ ቀርቧል፤” አለ። ተጨበጨበ። በርሜሎቹን የተደገፉ መኪኖች ያንኮራፋሉ። ከጭብጨባው ሥር ግን ሌላ ድምፅ ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚንተከተክ፣ የማያቋርጥ።

“ይሄ የማን ሞተር ነው?” አልኩት አጠገቤ የተቀመጠውን ባለ ሱፍ።

“የምን ሞተር?”

“አይሰማህም? ቆሞ ማስነሳት ተከልክሎ የለም እንዴ?”

“ተከልክሏል፤” አለኝ በትዕግሥት። “ስለዚህ አይሰማም።”

በንዴት ተነስቼ ድምፁን ተከትዬ ወጣሁ። ድንኳኑን ስገልጥ እንደገና ጋላፊ ነኝ። መኪናው ተዘርሮ ተኝቷል። ጋሽ ደበሌ እንደቆሙ ናቸው። ካርቶኑ አልቆ በባዶ መዳፋቸው ያራግባሉ።

“ኢንጂነር፣ ደወልክላቸው?”

“ስልካቸው ዝግ ነው፣ ጋሼ።”

“እሳቸው ዝግ፣ እኔ ክፍት። እንዲህ ተካፍለነው አደርን በለኛ።” ሊስቁ ፈልገው ሳቁ ጭስ ሆኖ ወጣ። “በል እንግዲህ፣ አንተ አለህ አይደል? ቁልፌን እይልኝ። እኔ አልደርስበትም።”

ቁልፉ ማጅራታቸው ላይ ተሰክቷል። ባዞረው እንደሚያርፉ አውቃለሁ። መልሰው መነሳታቸውን ግን አላውቅም፤ ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ቁልፉ ይፋጃል። ጨበጥኩትና አዞርኩት። ድምፁ አልጠፋም።

ነቃሁ። ድምፁ አሁንም አለ።

ሰመራ ገና እየነጋ ነበር። መብራት ከማታ ጀምሮ ጠፍቶ ክፍሌ እንደ ምድጃ ግሏል። ሸሚዜን ሳልቆልፍ ወደ ግቢው ወጣሁ። የአቶ ምንተስኖት መኪና ከቢሮው በር ላይ ቆማ፣ መስኮቶቿ ተዘግተው፣ ሞተሯ ይሠራል። መስታወቷ ከውስጥ ቅዝቃዜ የተነሳ አልቦታል። ሹፌር የለም። የግቢው ጥበቃ ሐመዱ አጠገቧ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፎ፣ ሽርጡን እያራገበ ተቀምጧል።

“ማን ነው ውስጥ ያለው?” አልኩት።

“ኬክ።”

“ምን?”

“ኬክ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ። ዛሬ በዓል አላችሁ አይደል? ናፍጣ የቆጠባችሁበት። መብራት ስለሌለ ፍሪጁ አይሠራም፤ ክሬሙ እንዳይቀልጥ ብለው ማታ አስነስተው ሄዱ። ማንም አያጥፋ ብለውኛል።”

እጄን በመስታወቱ ላይ አድርጌ አየሁ። የኋላ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮለት፣ ተሳቢ ያለው መኪና የሚመስል ነጭ ኬክ ተቀምጧል።

“እኔም አንተም ኬክ ብንሆን ይሻለን ነበር፤” አለ ሐመዱ።

ይህች መኪና ነጥብ የላትም። ስክሪኑ የሚያውቀው የጭነት መኪኖችን ብቻ ነው። ስክሪኑን በስልኬ ከፍቼ የጋሽ ደበሌን ነጥብ ፈለግኩ። ሌሊቱን ሙሉ ጋላፊ ላይ አረንጓዴ ሆነው አድረዋል። ሊነጋ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ተነስተዋል። አሁን ግን ነጥባቸው በዲቾቶና በሰርዶ መካከል፣ መንደርም ማቆሚያም በሌለበት፣ ከመንገዱ መስመር ትንሽ ወጣ ብላ ቆማለች። ሞተሩ ጠፍቷል። አረንጓዴ ናት። ከጎኗ “ጥሩ አፈጻጸም” ይላል።

ደወልኩ። ይጠራል፤ አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ። አሁን አይጠራም።

“ሐመዱ፣ ይቺን መኪና ክፈትልኝ። መንገድ ላይ የምፈልገው ሰው አለ።”

“አንዱ ቁልፍ ውስጥ ነው፤ በሩን የሚከፍተው ትርፉ እሳቸው ዘንድ ነው። ኬኩ ሳይቆረስ አትንቀሳቀስም ብለውኛል።”

የአቶ ምንተስኖት ስልክ እንደ ማታው ዝግ ነው። በሩን ሳብኩት፤ አልከፈትም አለ። ከውስጥ የኤሲው ነፋስ የኬኩን ሪባን ቀስ እያለ ያወዛውዘዋል። እዚያው መኪናዋን ተደግፌ፣ ሞተሯ ወገቤን እያንዘፈዘፈው፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ “ጋሽ ደበሌ፣ ያስነሱትና ይተኙ። ቀዩን በእኔ ስም ያድርጉት።”

ላክሁት። ኬኩ በአራት ሰዓት ተቆረሰ። መልእክቴ ሥር እስካሁን ያለችው፣ መላኩን እንጂ መድረሱን የማታሳይ አንዲት ምልክት ብቻ ናት።