ወለል ላይ ያስተኛኝ ካሳ

የጉዳት ካሳ መካሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? ራሱ ተገጭቶ አያውቅም፤ የተገጨ ሰው ሲያይ ግን ዓይኑ ይበራል። የእኔው መካሪ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ጋሽ ታምሩ ናቸው።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የተሳፈርኩበትን ሚኒባስ አንድ የጭነት መኪና ከኋላ ገጨውና ወገቤ ተጎዳ። ሐኪሙ ለጊዜው ስስ ፍራሽ አንጥፌ ወለል ላይ እንድተኛ አዘዘኝ። ባለቤቴ አልማዝ አልጋው ላይ ቀረች።

እየተሻለኝ ሲመጣ ወደ አልጋዬ ልመለስ አልኩ። ጋሽ ታምሩ ጮኹ።

«አብደሃል እንዴ? የጭነት መኪናው ኢንሹራንስ ሰው ድንገት መጥቶ አልጋ ላይ ቢያገኝህስ? ካሳው እስኪወሰን ንቅንቅ እንዳትል!»

እኔም ታዘዝኩ። ታዲያ ምን እንደናፈቀኝ ልንገራችሁ? አልማዝ ቀዝቃዛ እግሯን እግሬ ላይ ስታሳርፍ፣ «ኧረ ተይ!» እያልኩ መቆጣቱ ናፈቀኝ። ሰው አንድ ክፍል ውስጥ እያደረ ሚስቱ ትናፍቀዋለች? በደንብ ነዋ! አንዳንዴ እጇን ከአልጋው ቁልቁል ትሰድልኛለች፤ እሱን ይዤ አንቀላፋለሁ።

በመጨረሻ የኢንሹራንሱ ሰው መጣ። ጋሽ ታምሩም ተከትለውት ገቡና «አቃስት እንጂ!» በሚል ዓይን አፈጠጡብኝ።

«አሁንስ እንዴት ነዎት?» አለኝ ሰውዬው።

አልማዝን አየኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወለሉን ወለሉን ታያለች።

«ከባድ ዕቃ ማንሳት አልችልም እንጂ ተሽሎኛል» አልኩት።

ጋሽ ታምሩ ራሳቸውን ይዘው ወጡ። የሚደርሰኝ ካሳ ትንሽ መሆኑ ያኔውኑ ገባኝ። ሰውዬው ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ግን አልማዝ ፍራሼን ከወለሉ ላይ መጠቅለል ጀምራ ነበር።