መቻልን ማታ ልቀቀው

(አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ፊት ለፊት ያለች ሻይ ቤት በረንዳ። የሰፈሩ ግማሽ መካሪ፣ ግማሹ ተመካሪ ከሆነና ሠሪ ከጠፋ ሰንብቷል። ቀዳማዊ ከተመካሪዎቹ ወገን ነው። ዛሬ ሜንተሩን በዓይነ ሥጋ የሚያይበት ቀን ስለሆነ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ አንድ ኪሎ ማር አንጠልጥሎ፣ ሁለት ወንበር ይዞ ነበር፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለታላቁ ሰው። በታላቁ ሰው ወንበር ላይ ግን ጎረቤቱ ይመር የዘበኛ ካፖርቱን እንደለበሰ ዘፍ ብሎበታል።)

ቀዳማዊ፦ ተነስ እያልኩህ ነው።

ይመር፦ ወንበሩ ምን አለ? ዝም ብሎ ተሸክሞኛል።

ቀዳማዊ፦ ሰው ይመጣበታል።

ይመር፦ እኔስ ምንድን ነኝ?

ቀዳማዊ፦ አንተ ጎረቤት ነህ። የሚመጣው ግን ሰው ነው።

ይመር፦ እኔም ሰው እየጠበቅኩ ነው። እሱ ሲመጣ እነሳልሃለሁ።

ቀዳማዊ፦ ያንተ ሰው ቆሞ ይጠብቅ። የኔ ሜንተሬ ነው።

ይመር፦ መንጣሪህ?

ቀዳማዊ፦ ሜንተር።

ይመር፦ እኛ አገር ጫካውን ጨፍጭፎ መሬቱን ራቁቱን የሚያስቀረውን ነው መንጣሪ የምንለው። ምን ቀረህና ነው አንተን የሚመነጥርህ?

ቀዳማዊ፦ ሜን-ተር። ቀድሞህ የሄደ፣ መንገዱን የሚያሳይህ። በዚህ ዘመን ሜንተር የሌለው ሰው ሹፌር የሌለው ሚኒባስ ማለት ነው።

ይመር፦ ረዳትስ አለው?

ቀዳማዊ፦ ማን?

ይመር፦ ሚኒባሱ።

ቀዳማዊ፦ (ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይተነፍሳል። እንዲህ መተንፈስንም የተማረው ከቪዲዮ ነው።) ይመር፣ አንተን ማስረዳት ድንጋይ መቀቀል ነው።

ይመር፦ ማሩ ለምንድን ነው?

ቀዳማዊ፦ ለሱ። ባዶ እጅ አይኬድም።

ይመር፦ አሃ፣ አሁን ገባኝ። የጡት አባት ልትይዝ ነው። ቀድመህ እንዲህ አትለኝም?

ቀዳማዊ፦ የምን ጡት?

ይመር፦ አያቴ ሲያወሩ፣ ድሮ ጥግ የሚፈልግ ሰው ማር ይዞ ትልቅ ሰው ደጅ ይሄዳል። ሰውየው አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ይነክርና ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ነው። ይቆጣዋል፣ ይገስጸዋል፣ ግን አይጥለውም።

ቀዳማዊ፦ እኔ የማንንም ጣት አልጠባም። ይሄ ዘመናዊ ነገር ነው።

ይመር፦ ማሩ ግን ያው ነው።

ቀዳማዊ፦ ስማ፣ ሜንተር እንዴት እንደሚገኝ በነጻ ልንገርህ። መጀመሪያ ነገር የምታውቀው ሰው አይሆንም።

ይመር፦ ለምን?

ቀዳማዊ፦ ስለምታውቀው። ነቢይ በአገሩ አይከበርም። ትልቅ ሰው መሆን አለበት፣ ሩቅ መሆን አለበት፣ ደግሞ ቃል አያባክንም። የኔ ከአምስት ቃል አልፎ አያውቅም።

ይመር፦ ማነው ስሙ?

ቀዳማዊ፦ የሜንተር ስም ሻይ ቤት አይጠራም። ቁጥሩን የሱ ድርጅት ድሮ ለደንበኛ ካደለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው ያገኘሁት። አንድ ምሽት ተስፋ ቆርጬ «ጌታዬ፣ ጨልሞብኛል፣ ምን ይሻለኛል?» ብዬ ጻፍኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መብራት አብራ። ከሌለ ባትሪ ያዝ።»

ይመር፦ ልክ ነዋ።

ቀዳማዊ፦ ምኑ ገብቶህ ነው ልክ የምትለው? መብራት ሲል አእምሮ ነው። ባትሪ ሲል ውስጣዊ ኃይል።

ይመር፦ እኔ ደግሞ ባትሪ መስሎኝ።

ቀዳማዊ፦ «ዙሪያዬን ምቀኛ ከቦኛል» አልኩት። «ፊሽካ ንፋ» አለኝ።

ይመር፦ ነፋህ?

ቀዳማዊ፦ ነፋሁ እንጂ። ራስህን አስተዋውቅ ማለቱ ነው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቲክቶክ ላይ ስለ ራሴ እናገራለሁ።

ይመር፦ አይተንሃል። ሚስቴማ «ይሄ ልጅ ጠበል ይወሰድ» ብላ ነበር።

ቀዳማዊ፦ እናንተ ሰፈር ሰው ሲያድግ በሽታ ነው።

ይመር፦ ምክሩ ግን እኔም የምለው ነው። አለቃዬ ሳንሱሲ ቤት እያሠሩ ነው። እዚያ የቀጠሩትን አዲስ ዘበኛ «በስልክ ይጽፍልሃል፣ ሥራውን አስለምደው» ብለውኛል። ልጁን አይቼው አላውቅም። ግን ይጽፋል ይጽፋል፣ አያልቅበትም። ባለፈው «ሕይወት ትርጉም አጣችብኝ» አለኝ። ሌሊት ብቻውን ስለሚያድር ነው ብዬ «ጋቢ ደርብ» አልኩት።

ቀዳማዊ፦ የኔም «ጋቢ ደርብ» ብሎኛል። ግን የሱ ትሕትናን ልበስ ማለት ነው፤ ያንተ ጋቢ ነው። ልዩነቱ ይታይህ። ዘበኛ ዘበኛን ሲመክር ዕውር ዕውርን መራ ማለት ነው።

ይመር፦ ሁለቱም ገደል ይገባሉ።

ቀዳማዊ፦ ይህንንስ አወቅህ።

ይመር፦ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ነው ያላወቅኩት።

ቀዳማዊ፦ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ስለ መቻል ነው።

ይመር፦ (ብርጭቆውን ያስቀምጣል) ስለ መቻል?

ቀዳማዊ፦ ስለ መቻል።

ይመር፦ አንተ መቻልን የት ታውቀዋለህ?

ቀዳማዊ፦ ይልቅ አንተ የት ታውቀዋለህ? «መቻል ጾሙን እንዳያድር» ብሎኛል። ችሎታህን በየቀኑ መግበው ማለት ነው።

ይመር፦ ምን ትመግበዋለህ?

ቀዳማዊ፦ መጽሐፍ።

ይመር፦ ይበላል?

ቀዳማዊ፦ ይውጠዋል እንጂ። «ቀን እሰረው፣ ማታ ልቀቀው» ብሎኛል። ቀን ለሰው ስትቀጠር ችሎታህን ቆጥብ፣ ማታ ለራስህ አውለው።

ይመር፦ ነክሶህ አያውቅም?

ቀዳማዊ፦ መቻል የማይነክሰው ማን አለ? መጀመሪያ ይነክስሃል፤ ከለመደህ በኋላ ያገለግልሃል።

ይመር፦ (ሱሪውን ሰብስቦ ባቱን እያሳየ) እሱስ እውነት ነው። እኔንም ባቴን ይዞኝ ያውቃል።

ቀዳማዊ፦ (በአዘኔታ) በምሳሌ ሲነገርህ ሱሪህን አትሰብስብ።

ይመር፦ ቆይ፣ ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ? እትዬ ጥሩብርሃን የመለዋወጫ ሱቃቸውን ዘግተው ነው?

ቀዳማዊ፦ ለቀቅኩ።

ይመር፦ ምኑን?

ቀዳማዊ፦ ሥራውን። ትናንት ማታ «ልልቀቀው ወይስ ልታገስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ልቀቀው። በሩን ግን ዝጋ» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ለቀቅኩ። በሩንም ዘጋሁት። መስታወቱ ሳይሰነጠቅ አልቀረም።

ይመር፦ (ሻዩ ትን ይለዋል) እሳቸው ምን በደሉህ?

ቀዳማዊ፦ ነዝናዛ ናት። ኩሽኔታ ባነሳሁ ቁጥር «አሽከርክረህ ድምፁን ስማው፣ የውሸቱ ያንሾካሹካል»። መርካቶ ስትሄድ አስከትላኝ «እኔ ስደራደር አፍህን ያዝና ዓይኔን እይ»። ስሳሳት ደግሞ ሰው ፊት ዝም ትልና፣ ሱቅ ከዘጋን በኋላ ከሥሩ ጀምራ ታደርቀኛለች።

ይመር፦ አስተማሩሃ።

ቀዳማዊ፦ አታስተምርም፣ ትነዘንዛለች። ሜንተር ብትሆን ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ጥቅስ ትልክልኝ ነበር።

ይመር፦ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚከፍቱትን ሱቅ አንተ ያዘው አላሉህም?

ቀዳማዊ፦ ብላኛለች።

ይመር፦ እና?

ቀዳማዊ፦ እናማ ሜንተሬ ልቀቀው አለኝ። ከሱቅ የበለጠ ነገር ስላየልኝ ነዋ። ይኸው ለዛሬ «አየር ጤና ና። ቁልፉን እሰጥሃለሁ» ብሎኛል። የስኬትን ቁልፍ ነው።

(ይመር እጁን ቀስ ብሎ ካፖርቱ ኪስ ይከትና አንድ የዛገ የአጥር በር ቁልፍ ያወጣል።)

ይመር፦ ይቺን ይሆን?

ቀዳማዊ፦ ያንን ዝገት ከማሩ አጠገብ አንሳ። ዘገየ፣ ልደውልለት። አንተም ተነስ፣ ደርሶ ይሆናል።

(ይደውላል። የይመር ካፖርት ይጮኻል።)

ቀዳማዊ፦ ዝጋው እሱን፣ መስማት አልቻልኩም።

ይመር፦ (አንስቶ ጆሮው ላይ ያደርጋል) ሃሎ።

ቀዳማዊ፦ (ከወንበሩ ተነስቶ ለስልኩ እጅ እየነሳ) ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፣ እዚሁ ነኝ። ይቅርታ፣ አጠገቤ አንድ ሰው ስልክ ላይ እየጮኸ ነው።

ይመር፦ እኔ ነኝ።

ቀዳማዊ፦ አንተ መሆንህን አውቃለሁ፣ ዝም በል፣ ከሰው ጋር እያወራሁ ነው።

ይመር፦ ከኔ ጋር ነው።

(ቀዳማዊ ስልኩን ያያል። ይመርን ያያል። መልሶ ስልኩን ያያል። ሜንተሩ በሁለት ጆሮው እኩል ሲተነፍስ ይሰማዋል።)

ቀዳማዊ፦ ሜንተሬን፣ አቶ ጉልላትን ምን አደረግካቸው?

ይመር፦ ምንም። ቁጥር ቀየሩ። አሮጌውን መስመር «ለግቢው ይሁን» ብለው ሰጡኝ።

ቀዳማዊ፦ አንተ የአቶ ጉልላት ዘበኛ ነህ?

ይመር፦ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር አንድ ቀን የማን ዘበኛ ነህ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? የሚያውቁት ሰው አይሆንም አልክ።

ቀዳማዊ፦ መቻልስ?

ይመር፦ ውሻ ነው።

ቀዳማዊ፦ (ይቀመጣል) ልቀቀው ያሉኝስ?

ይመር፦ ውሻውን። ደግሞ አንቱ ሆንኩ?

ቀዳማዊ፦ በሩን ዝጋ ያሉኝ?

ይመር፦ እንዳይወጣ። እኔን የሚያበሽቀኝ የሳንሱሲው አዲስ ዘበኛ፣ ገመቹ ነው። ጎረቤት ሁሉ ውሻው ወፈረ፣ ግቢው ጸዳ ሲለኝ ምክሬ ሠራ ብዬ ስኮራ ከረምኩ። ለካ አንድም ቃል አልደረሰውም።

ቀዳማዊ፦ እኔስ አሁን ምን ይሻለኛል?

(ይመር ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይዞ፣ በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ፊደል ይለቅማል። የቀዳማዊ ስልክ ይንጫረራል። አብሮት በተቀመጠ ሰው አፍ ቢነገረው የማይሰማውን፣ ከስልኩ ሲያነበው ከወንበሩ ብድግ ይላል።)

ቀዳማዊ፦ «ሱቁ ሳይዘጋ ተመለስ። ማሩን ያዝ።» (ፊቱ ይበራል) ሱቅ ሲሉ ልቤን ማለትዎ ነው? ማር ደግሞ የአንደበት...

ይመር፦ ሱቅ ሱቅ ነው። ማርም ማር ነው። እትዬ ጥሩብርሃን አውራ ጣታቸውን ነክረው ከዘረጉልህ ሳትከራከር ጥባ።

ቀዳማዊ፦ ባይዘረጉልኝስ?

ይመር፦ (የዛገውን ቁልፍ ወደሱ ገፋ ያደርግለታል) መቻል አለ።